ስለ ኢጓና አያያዝና ስለ አሳዳጊው ኀላፊነት

በአገራችን ልማድ ከሰው ጋር በአንድ ግቢ የሚያድር እንስሳ ሁሉ የየራሱ ሥራ አለው። ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ታድናለች፤ በቅሎ ጌታዋን ትሸከማለች፤ አውራ ዶሮ እንኳ የሌሊቱን ሰዓት ይናገራል። ሰውም በበኩሉ ይህን አገልግሎት ተቀብሎ መኖና ማደሪያ ይሰጣቸዋል። ዛሬ የምንጽፍለት እንስሳ ግን ለቤቱ የሚያበረክተው አንዳች አገልግሎት የለውም። ሌባ ሲመጣ አይጮኽም፤ የቤቱን አይጥ አይነካም፤ ጭነትም አይሸከም። ሥራው መታየት ብቻ ነው። ስለዚህ በእርሱና በአሳዳጊው መካከል ያለው ውል ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው፤ ሸክሙ በአንደኛው ወገን ላይ ብቻ ወድቋልና።

ይህ እንስሳ አረንጓዴ ኢጓና ይባላል። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን ዘንድ ልጆች በጓደኞቻቸው ቤት ወይም በእንስሳት መሸጫ መደብር አይተውት «ለእኛም ይገዛልን» ብለው አባትና እናታቸውን ሊለምኑ ይችላሉ። ልመናው የሚናቅ አይደለም። የጻድቁን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ሲያይ ያደገ ልጅ ፍጥረትን ቢወድድና ቢንከባከብ ደስ ሊለን ይገባል እንጂ ልንቈጣው አይገባም። ነገር ግን የሚለምነው ልጅ ቢሆንም የሚገዛው ወላጅ ነው። ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ አስቀድሞም ምን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት።

ከአገር ቤት የመጡ አረጋውያን ይህን እንስሳ ቢያዩት «አርጃኖ ነው» ሳይሉ አይቀሩም። በመልክ ይቀራረባሉ እንጂ ወገናቸው የተለያየ ነው። አርጃኖ ሥጋ በል ሲሆን ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ የወፍና የአዞ እንቁላል ሳይቀር እየፈለገ ይበላል። ኢጓና ግን የዛፍ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ እየተመገበ ይኖራል። አገሩም ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ያለው ሞቃት ምድርና አንዳንዶቹ የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው፤ በዚያም በወንዝ ዳር በበቀሉ ረዣዥም ዛፎች ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። አደጋ የመጣበት እንደ ሆነ ከከፍታው ወደ ውሃው ተወርውሮ ያመልጣል። ብርቱ ፍጥረት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ባሕር ላይ ታላቅ ማዕበል በተነሣ ጊዜ 15 ያህል አረንጓዴ ኢጓናዎች ማዕበሉ በነቀላቸው ዛፎች ላይ እንደ ተሳፈሩ ባሕሩን ተሻግረው፣ ከዚያ በፊት ወገናቸው ወዳልነበረባት አንጉዊላ ወደምትባል ደሴት በሕይወት መድረሳቸው በሊቃውንት ተመዝግቧል። እንግዲህ የውቅያኖስ ማዕበል ያልገደለውን ይህን እንስሳ የሞቀ ሳሎን ጥግ ሲገድለው ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው። እንዴት እንደሚገድለውም ወደ ፊት እናስረዳለን።

በደረቱ የሚሳብ ፍጥረት በቤት ውስጥ መኖሩን ከኦሪት ሕግ ጋር እያያያዙ የሚነቅፉ አሉ። ይህን ነገር ለየቤቱ የንስሐ አባት ትተን እኛ ስለ እንስሳው ጤና ብቻ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር መጠኑ ነው። በመደብር የሚሸጠው ጫጩት ከጅራቱ ጋር ቢለካ ከ25 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በልጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቀለሙም እንደ አዲስ ቅጠል የለመለመ ነው። ሻጩ ከእርሱ ጋር አንዲት ትንሽ የመስተዋት ሣጥን ጨምሮ ይሰጣል። ነገር ግን ይህ እንስሳ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ካደገ በኋላ ከጅራቱ ጋር ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል፤ አንዳንዱ ወንድ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱም 5 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ቤት ከሰው ቁመት የማያንስ፣ ወርዱም ጅራቱን ሳያጥፍ የሚዞርበት፣ በውስጡም ወፍራም የዛፍ ቅርንጫፍ የቆመበት ነው፤ በአጭሩ አንድ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። በሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተ ሰብ ይህን ክፍል ከወዴት ያመጣል? ጥያቄው ጫጩቱ ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን እንስሳ መግዛት ፋሽን ሆኖ በነበረበት ጊዜ በያመቱ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ጫጩቶች ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ይገቡ ነበር፤ ብዙዎቹም ይህ ጥያቄ ስላልተጠየቀላቸው ገና ሳያድጉ ሞቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የፀሐይ ነገር ነው።

ኢጓና በዛፍ ጫፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ስለ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዐይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባል ጨረር አለ። ይህ ጨረር በቆዳው ላይ ሲያርፍ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ 3 የሚባለውን ያዘጋጃል፤ ይህም ቫይታሚን ከምግብ ውስጥ ያለውን ካልሲየም አንጀቱ እንዲቀበል ያደርጋል። ጨረሩ ከሌለ ቫይታሚኑ አይኖርም፤ ቫይታሚኑ ከሌለ የተበላው ካልሲየም ወደ ደም ሳይገባ በከንቱ ይወጣል። ልብም ሌላውም ጡንቻ ያለ ካልሲየም ሊሠራ ስለማይችል ሰውነቱ የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ እየቀረጠ ይወስዳል። ቤቱን ለማሞቅ የጣራውን ማገር እየነቀለ እንደሚያነድ ሰው ነው።

የዚህም በሽታ ክፋቱ በመጀመሪያ ጤና መስሎ መታየቱ ነው። አጥንቱ ሲሳሳ ሰውነቱ በዙሪያው ጅማት መሰል ሥጋ እያበዛ ሊደግፈው ይሞክራል፤ ስለዚህ ጭኑ ያብጥና ይወፍራል፤ ባለቤቶቹም «እንዴት አማረበት! እንዴት ደነደነ!» እያሉ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ የታችኛው መንጋጋው ይለሰልሳል፤ በጣት ቢነኩት እንደ ጎማ ይታጠፋል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። መዝለል የነበረበት እንስሳ ይሳባል፤ የኋላ እግሮቹን መጎተት ይጀምራል። በመጨረሻም ልጁ ሊያቅፈው ሲያነሣው አጥንቱ ይሰበራል። በዚያ ቤት ማንም ክፉ አልሠራም፤ ምግብ አልነፈገውም፤ አልመታውም። ብርሃን የሞላበት መስኮት አጠገብ አስቀምጠውት ነበር።

ነገር ግን የመስኮት መስተዋት ብርሃኑን አሳልፎ ይህን ጨረር ያስቀራል። ይህን አንድ ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ደጋግመን መናገር እንወዳለን። በመስተዋት ውስጥ የገባ ፀሐይ ያሞቀዋል እንጂ አጥንቱን አያጸናለትም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ለሚኖር ኢጓና ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት መግዛት ግዴታ ነው። መብራቱም ከእንስሳው ማረፊያ ቅርንጫፍ በላይ ሠሪው በጻፈው ርቀት ልክ ይሰቀላል፤ በመካከላቸውም መስተዋት ወይም ፕላስቲክ መግባት የለበትም። ቀን 12 ሰዓት ያህል ይበራል፤ ሌሊት ጨለማ ይሆንለታል። በራሱ አናት ላይ ብርሃንና ጨለማን የምትለይ እንደ ሦስተኛ ዐይን ያለች አንዲት ቅርፊት ስላለችው፣ ሌሊቱን ሁሉ መብራት ሲበራ ማደሩ ዕረፍት ይነሣዋል።

በዚህ መብራት ላይ ሌላም ስውር ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲያልቅ ማለቁን ሁሉ ያያል። ይህ መብራት ግን ለዐይን እንደ በራ ሳለ ጨረሩ ይሞታል። እንደየዓይነቱ በ6 ወር ወይም በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ ብርሃኑ ሳይደክም፣ የሚጠቅመው ጨረር እየቀነሰ ሄዶ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ባለቤቱ «ገና አልተቃጠለም» ብሎ ቢተወው እንስሳው በበራ መብራት ሥር በጨለማ ይኖራል ማለት ነው። ስለዚህ አምፑሉ በተተከለ ቀን ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በጎኑ መለጠፍና ሠሪው የወሰነው ጊዜ ሲደርስ፣ ቢበራም ባይበራም፣ መለወጥ ያስፈልጋል። በበጋ ወራት ደግሞ ቀኑ ሲሞቅ በጠንካራ የሽቦ ቤት አድርጎ፣ ግማሹን ጥላ ሰጥቶ፣ ሰው እየጠበቀው ደጅ ማውጣት ከማንኛውም መብራት ይበልጣል። በመስተዋት ሣጥን ግን ፀሐይ ላይ ማውጣት አይገባም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሙቀት ሊሞት ይችላልና።

ሙቀትን በሚመለከት፣ ኢጓና እንደኛ ከውስጡ የሚሞቅ አይደለም። የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው የቤቱ ጫፍ 26 ወይም 27፣ ሌሊቱም ከ22 የማያንስ መሆን አለበት፤ እርሱም ሲበርደው ወደ ሙቀቱ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየሄደ ራሱን ያስተካክላል። ሁለት ቴርሞሜትር በሁለቱ ጫፍ መስቀል እንጂ በእጅ ዳስሶ መገመት አይበቃም። በመደብር የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ እንዳትገዙ እንመክራለን፤ ይህ ፍጥረት ሙቀትን ከላይ መቀበል የለመደ ስለ ሆነ ሆዱ ሲቃጠል ሳይነሣ ብዙ ጊዜ ይቆያል። የሙቀት ነገር ከምግቡም ጋር የተያያዘ ነው። የበላው ቅጠል የሚፈጨው በአንጀቱ ውስጥ በሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ነው፤ እነርሱም የሚሠሩት ሰውነቱ ሲሞቅ ብቻ ስለ ሆነ የበረደው ኢጓና ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይራባል። በሚኒሶታም ሆነ በሜሪላንድ በክረምት በረዶ ወድቆ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ካፖርት ደርቦ ሊያድር ይችላል፤ ለእንስሳው ግን የሞቀ ውሃ በጠርሙስ አድርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥና በብርድ ልብስ መሸፈን ያስፈልጋል።

የቤቱም አየር እርጥብ ሊሆንለት ይገባል። በክረምት ማሞቂያው የሚያደርቀው ክፍል ለእርሱ ምድረ በዳ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ መርጨት፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜም ለብ ባለ ውሃ መንከር ይበቃዋል። ይህ ካልተደረገ ሲያረጅ የሚገፈፈው ቆዳ በጣቶቹና በጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ክር ተጠምጥሞ ደም ይከለክላል።

ስለ ምግቡ ስንናገር ለእኛ ቤቶች የሚያስደስት ነገር አለ። ኢጓና ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና አይብ አይገባውም። እኛ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ እያልን የምንጾመውን እርሱ ዓመቱን በሙሉ ይጾመዋል፤ ለፋሲካ እንኳ አይገድፍም። ከዚህም በላይ እናቶቻችን በአሜሪካ ገበያ ገዝተው ለወጥ የሚከትፉት ሰፋፊ ቅጠል ጎመን ለዚህ እንስሳ ከሁሉ የተመረጠ ምግብ ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ፣ ፎስፎረሱ ጥቂት ነውና። በምግቡ ውስጥ ካልሲየም የፎስፎረስን እጥፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ስለዚህ ጎመኑ ለወጥ ከመከተፉ አስቀድሞ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ጨው ሳይነካው፣ ታጥቦና በጥሬው ደቅቆ የእንስሳው ድርሻ ይነሣለት።

በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚገኙት ቆስጣና ስፒናች ግን በመልክ ከጎመን ቢመሳሰሉም በሥራቸው ተቃራኒ ናቸው። በውስጣቸው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛ ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል፤ እንስሳው እየበላ አጥንቱ ይጎድላል። አልፎ አልፎ ጥቂት ቢቀምስ አይጎዳውም፤ የዘወትር ምግቡ ካደረጉት ግን ያለ መብራት እንደ ማስቀመጥ ይቈጠራል። ነጭ ሰላጣም ከውሃ በቀር የረባ ነገር የለውም፤ ብዙ ኢጓናዎች ግን ስለሚወዱት ሌላውን ይተዋሉ። ከጎመኑ ጋር የሰናፍጭ ቅጠል፣ የተፈቀፈቀ ዱባ፣ ፎሶሊያ፣ የበለስ ቅጠል ሊጨመር ይችላል፤ ፓፓያና ማንጎ ለጣዕም ያህል በጥቂቱ ይሰጣል። አቮካዶ ፈጽሞ አይሰጥም። እንጀራና ዳቦም ምግቡ አይደሉም፤ ልጆች ከማዕድ እየቈረሱ ማጉረስ ስለሚወዱ ይህ ሊነገራቸው ይገባል። ማጉረስ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ለዚህ እንስሳ ፍቅሩ የሚገለጸው ባለማጉረስ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ አንዳንድ ሻጮችና መጻሕፍት ኢጓና በፍጥነት እንዲያድግ የውሻና የድመት ምግብ፣ ትልና ሥጋ እንዲሰጠው ይመክሩ ነበር፤ ይህ ምክር ዛሬም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይገኛል። በእርግጥ እንዲህ የተመገበ እንስሳ በፊት በፊት ፈጥኖ ያድጋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ቅጠል ለማጣራት የተፈጠረው ኩላሊቱ ይደክማል፤ መገጣጠሚያዎቹም በሪህ ያብጣሉ። 20 ዓመት ሊኖር የሚችለው በ6 ወይም በ7 ዓመቱ ሲሞት ባለቤቱ አርጅቶ የሞተ ይመስለዋል።

ኢጓና አፍ የሌለው ፍጥረት ነው ስንል ድምፅ የለውም ማለታችን ብቻ አይደለም። በዱር የታመመ እንስሳ በአዳኙ ተለይቶ ስለሚያዝ ሕመሙን መደበቅ ተፈጥሮው ነው። ባለቤቱ መታመሙን ባወቀ ጊዜ በሽታው ብዙ ሳምንት የቆየ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በአንድ ቀን መመዘንና ክብደቱን በደብተር መጻፍ፣ የጎድኑንና የጅራቱን ሥር መሳሳት መመልከት፣ ኩሱን ማየት የአሳዳጊው የዘወትር ሥራ ነው። ሲያስነጥስ ከአፍንጫው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢወጣና በመስተዋቱ ላይ ቢደርቅ አትደንግጡ፤ ትርፍ ጨውን በአፍንጫው ስለሚያስወግድ ነው። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ በወቅቱ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ይለወጥና ትናንት በእጅ የበላው ዛሬ ሊናከስ ወይም በጅራቱ ሊገርፍ ይችላል፤ ይህም የወቅት ጠባይ እንጂ ክፋት አይደለም። ሴቲቱ ደግሞ ወንድ ሳያገኛት እንኳ በርካታ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ የምትቈፍርበት አሸዋ ያለበት ስፍራ ካልተዘጋጀላት እንቁላሉ በሆዷ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚያይ ሐኪም እንስሳው ከመገዛቱ በፊት ተፈልጎ መገኘት አለበት። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ይህን ፍጥረት አያክምም፤ የምርመራውም ዋጋ ጫጩቱ ከተገዛበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንስሳው ጤና ነው። የቤተ ሰቡም ጤና አለ። ጤነኛ የሆነ ኢጓና እንኳ በአንጀቱ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ይዞ ሊኖር ይችላል፤ እርሱን ሳይጎዳው ወደ ሰው ሲተላለፍ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፤ በሕፃናት ላይም ወደ ደም ገብቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በ1975 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ትንንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለው በዚሁ ተሕዋስ ልጆች እየታመሙ ስላስቸገሩ ነበር። በዚያው አገር ያሉት የጤና ባለሥልጣናትም ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ 65 ዓመት የሞላው አረጋዊ ወይም በሕመም ሰውነቱ የደከመ ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እንስሳ እንዳይያዝ ይመክራሉ። እኛም አራስ ባለችበት፣ ወይም አራስ ልትጠይቅ ከአገር ቤት የመጣች አያት ባለችበት ቤት ኢጓና አይግባ እንላለን። ልጁ እስኪያድግ መታገሥ ይቻላል። በሌላውም ቤት ቢሆን እንስሳው እንጀራ ወደሚጋገርበት ማድ ቤት አይገባም፤ ሳሕኑና የመታጠቢያ ገንዳው በማድ ቤት ቧንቧ አይታጠቡም፤ የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ልጆች እንዲስሙት አይፈቀድም።

የወላጆችን ልብ ሊያሳስብ የሚገባው ግን የዘመኑ ርዝመት ነው። በመልካም የተያዘ ኢጓና 15 ዓመት፣ እስከ 20 ዓመትም ይኖራል። ዛሬ የ10 ዓመት ልጅ «እኔ እጠብቀዋለሁ» ብሎ ቃል ቢገባ ቃሉ ከልቡ ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ነገር ግን ይህ ልጅ በ18 ዓመቱ ወደ ኮሌጅ ሲሄድ እንስሳው ገና የ8 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የዕድሜውም እኩሌታ ከፊቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጧት ጎመን የሚከትፈው፣ አምፑል የሚለውጠው ማን ነው? አባትና እናት ናቸው። ስለዚህ ገና ሲገዛ «የልጁ ነው» ባይባል እንወድዳለን፤ የቤቱ ነው። ልጁ በዕድሜው ልክ ሥራ ይሰጠው፤ ቴርሞሜትር ያንብብ፣ ክብደት ይጻፍ፣ ውሃ ይርጭ። የረሳ እንደ ሆነ ግን ቅጣቱን የሚቀበለው እንስሳው እንዳይሆን አንድ አዋቂ ሰው በየማታው ይመልከት። ቤተ ሰቡ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ አምስትና ስድስት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ የሚተካው ሰው አስቀድሞ መጥቶ ሥራውን ይልመድ። ቁልፍ ሰጥቶ «ቅጠል ጣልለት» ብሎ መሄድ አይበቃም።

ይህ ሁሉ ከብዷቸው እንስሳውን ወደ ዱር የሚለቁ ሰዎች አሉ፤ «ወደ ተፈጠረበት መለስነው» ብለውም ይጽናናሉ። በሰሜኑ ክፍል የተለቀቀ ኢጓና የመጀመሪያውን ብርድ አያልፍም። በሞቃቱ በፍሎሪዳ ደግሞ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመለጡትና የተለቀቁት ተራብተው የውሃ ቦይ ዳርቻ እየቈፈሩ፣ የሰውን አትክልት እየበሉ አገሬውን አስቸግረዋል። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በማያሚ ያለው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ብርድ በበረታበት ሌሊት በድን የመሰሉ ኢጓናዎች ከዛፍ ሊወድቁ እንደሚችሉ ለሕዝቡ ማስታወቁ ይታወሳል። በ2021 እ.ኤ.አ. ግዛቱ እንስሳውን ከተከለከሉት መዝገብ አስገብቶ አዲስ ኢጓና በቤት መያዝን አገደ። በሃዋይና በኒው ዮርክ ከተማም መያዙ የተከለከለ ነው። የሚኖሩበትን ስፍራ ሕግ ሳይጠይቁ መግዛት እንስሳውንም ቤተ ሰቡንም ለችግር ያጋልጣል።

ከመደብር ጫጩት ከመግዛት ይልቅ ባለቤቱ የተወውን አዋቂ ኢጓና ከእንስሳት መጠለያ ወይም በደረታቸው የሚሳቡትን ከሚሰበስቡ ማኅበራት መቀበል ይሻላል ብለን እናምናለን። መጠኑ አስቀድሞ ይታያል፤ ጠባዩም ይታወቃል፤ ልጁም ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚመጣውን ነገር በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። ብዙ ጊዜም ልመናው በዚያው ያበቃል።

አስቀድሞ ኢጓና በቤታቸው ያለና መጠበቅ ያልቻሉ ደግሞ እነዚሁኑ መጠለያዎችና ማኅበራት፣ ወይም ሐኪሙን ይጠይቁ። እንስሳውን ለአዲሱ ጠባቂ ሲያስረክቡ የክብደቱን ደብተር፣ የሚበላውን ቅጠል ዝርዝር፣ አምፑሉ የተለወጠበትን ቀንና የሐኪሙን አድራሻ አብረው ይስጡ። የለመደውም ቅርንጫፍ አብሮት ቢሄድ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረዳዋል፤ ኢጓና በአዲስ ቤት ጥቂት ቀን ሳይበላ ሊቆይ ይችላልና።